አዋላጇን ማን ያርዳት?

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሁሉ የሞላለት፣ መንገድ ብቻ የጎደለው።»

መሪጌታ ወልደ ሰንበት መልሳቸውን የጀመሩት በዚህ ነው። የወረዳው የጤና ኃላፊ፣ ገና ወጣት ሰው፣ ቤታቸው ድረስ መጥቶ «አባቴ፣ ወደ ገጠር ባለሙያ እንልካለን፤ ዓመት ሳይሞላቸው ጥለው ይመጣሉ። ምን ብንጨምርላቸው ነው የሚቆዩት?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። መሪጌታ «ምን ብንጨምር» የምትለዋን አልወደዷትም። ግን እንግዳ ነውና ቁጣቸውን ዋጥ አድርገው ቀጠሉ።

ሰውየው ባለጸጋ ገበሬ ነው። በሬው፣ ንቡ፣ ጎተራው ሙሉ ነው። የሚኖረው ግን ከገደል ሥር ባለ ሸለቆ ነው፤ መኪና ያለበት ለመድረስ ጎበዝ የሚያስለከልክ አቀበት መውጣት ግድ ይላል። ታላቋ ልጁ የሞተችው እዚያ አቀበት ላይ ነው። ምጥ ጸንቶባት በቃሬዛ ይዘዋት ሲወጡ የአጨዳ ወቅት ነበረና ወንዱ ሁሉ በየማሳው ተበትኖ ተሸካሚ አነሰ። የተገኙት ጥቂት ሰዎች ደከማቸው። ትንሽ እንረፍ ብለው አስቀመጧት፤ መልሰው ሊያነሷት ሲሉ አልፋለች።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው የሚመኘው አንድ ነገር ሆነ፤ በሸለቆው ውስጥ አዋላጅ እንድትኖር። ለጤና ኬላው ባለሙያ ማረፊያ ብሎ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ባለሙያዎች መጡ፤ ለበዓል ወደ ቤተሰባቸው እንደወጡም ቀሩ። በኋላ የመጣችው ከሩቅ አገር የተመደበች ልጅ ናት። አገሬው «ሲስተር» ይላታል። ማክበሩንማ ለጉድ ያከብራታል። ውኃ ልቅዳ ብትል እንስራዋን ይነጥቋታል። ለቅሶ ልድረስ ብላ ስትሄድ ሁሉ ብድግ ይልና ከደህናው ወንበር ያስቀምጣታል፤ አልቃሾቹም እርሷን አፍረው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አየህ የኛን ሰው ሞኝነት! በክብር ገፍተን ገፍተን ከመካከላችን እናስወጣለን። ልጅቱም ከሥራ ስትመለስ በሯን ዘግታ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር።

የባለጸጋው ታናሽ ልጅ የመውለጃዋ ቀን ተቃርቦ ሳለ አባትዬው ስልክ ተደወለለት። የአዋላጇ ወንድም ነበር። «እናታችን ዐረፉ። ለእርሷ በስልክ አይነገርም። እባክዎ በወጉ አርድታችሁ ላኩልን» አለው።

ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ነገሩን ከእርሱ በቀር በሸለቆው የሚያውቅ የለም። ብትሰማ ትሄዳለች፤ ከሄደች ደግሞ እንደ ሌሎቹ ላትመለስ ነው። ለሚስቱ ቢነግራት አለቀሰችና «ልጄ ትገላገል፣ ከዚያ ይነገራታል። መርዶ እንደሆነ በጊዜው ነው። አንዷን ቀብሬአለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም!» አለችው። እውነቷን ነው፤ መርዶ ቢቆይ በኛ ዘንድ ነውር የለበትም። ስንቱ ታሟል፣ አርግዛለች፣ ፈተና አለበት እየተባለ ወር ከርሞ የሚሰማ አለ። ፈተናውን ያከበደውም ይኸው ነው፤ ክፉው ነገር የወግ ልብስ ለብሶ መጣ።

አላስችለው ሲል ሽማግሌዎችን ሰበሰበ። እነርሱም «መርዶ የሚያረዳ ዘመድ ነው። እኛ እንግዲህ ለእርሷ ምኗ ነን?» ብለው ተቸገሩ። ልጇ ከተማ የሚማርላት አንዲት ባልቴት ከዳር ተቀምጣ ነበር። «ኧረ ልጄ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ሲስተር ማለት እኮ በፈረንጅ አፍ እህት ማለት ነው» አለች። ባለጸጋው ይህን ሲሰማ «በፈረንጅ አፍ እህቴ ስንላት ከረምን። በኛ አፍ ግን አንድም ቀን አላልናትም። ነገ ጎህ ሲቀድ እናርዳት» አለ።

በማግስቱ ማጭድ ያነሳ ሰው አልነበረም። አጨዳ ነው እኮ! ዝናብ ቢመጣ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይቀራል። ቢሆንም ከየተረተሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወረደ። ባለጸጋው እንደ ታላቅ ወንድም ቀርቦ አረዳት። ስትወድቅ የያዟት ሴቶች እንስራዋን ይነጥቋት የነበሩት ናቸው። የእናቷን ስም ከወንድሟ ጠይቀው ይዘው ነበርና አልቃሾቹ «የሺሐረግ!» እያሉ በስሟ ጠሯት። አንድም ቀን ያላዩዋትን ሴት በወለደቻት ልጅ አውቀው አለቀሱላት። እኔም እዚያ ነበርኩ። ሸለቆው ሙሉ ሰው፣ ለማያውቀው ሰው፣ እንባው እውነተኛ ነበር።

በቅሎ ተጭኖላት አዋላጇ ልትሸኝ ስትል ከባለጸጋው ቤት ጩኸት ተሰማ። ልጁን ምጥ ያዛት። ማን አፍ አውጥቶ ኀዘንተኛዋን ይጠይቃት? እርሷ ግን ከተቀመጠችበት ተነስታ ወደ ልጅቱ ገባች። ሆዷን ዳሰሰቻትና ብቅ ብላ «ሕፃኑ አግድም ነው የተኛው፤ እዚህ አትወልድም። ቃሬዛ አምጡ!» አለች። የልጅቱ እናት እግሯ ላይ ወድቃ «ልጄ፣ አንቺ እኮ ኀዘን ላይ ነሽ» ብትላት፣ «ለእናቴ አልደረስኩላትም። ለእርሷ ልድረስላት» አለቻት።

ያን ጊዜ ነው ሰዎቹ ዞር ብለው እርስ በርሳቸው የተያዩት። አጨዳ ነው፤ ወንዱ ሁሉ ግን እዚያው ነው። የሸለቆው ትከሻ በሙሉ ለለቅሶው ተሰብስቧል! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ያን አቀበት ወጣ። አንዱ ደከመኝ ሳይል ሌላው ቀድሞ ይገባበታል። ታላቋ ከሞተችበት ቦታ ሲደርሱ እንኳ መሬት አልነካም። አዋላጇ የኀዘን ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ አንድ እጇን በልጅቱ ሆድ ላይ አድርጋ፣ «አይዞሽ፣ በርቺ» እያለቻት ከጎኗ ትራመዳለች። እንባዋ ይወርዳል፤ እግሯ ግን አልቆመም። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ነገር ሲያሳይ ሰው ምን ይላል? ዝም ብዬ ተሸከምኩ። ላይ በስልክ የተጠራ አምቡላንስ ቆሞ ጠበቀን፤ ልጅቱ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ተገላገለች። እናትም ልጅም ዳኑ።

አዋላጇ ከዚያው ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ ባለጸጋውና ሽማግሌዎቹም አብረዋት ሄዱ። የእናቷን ዐርባ አውጥታ ተመለሰች። ተመለሽ ብሎ የለመናት አልነበረም። ዛሬ ከሸለቆው ልጆች እርሷ አይዟችሁ ብላ ያስተማረቻቸው ከእርሷ ጋር ያዋልዳሉ።

መሪጌታ እዚህ ላይ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ምሳሌው ላንተ ነው፣ ልጄ። ደመወዙን ክፈል፤ መድኃኒቱንም ላክ፤ ያንንማ ብትተው ሌባ ነህ። ነገር ግን ቆርቆሮ ቤቱ ከመርዶው በፊትም ነበረ። የሰውን ሕመም ሁሉ በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ጭነህ፣ የእርሷን ኀዘን የሚሸከም ሳታበጅላት፣ ለምን ሸክሙን አስቀምጣ ሄደች ትላለህ። ባለሙያ ስለተላከ ብቻ አይቆይም፤ ሲዘመድ ነው። እስቲ ንገረኝ፤ ከወንዙ ማዶ ባለው ጤና ኬላ ያለችው ልጅ የማን ልጅ ናት?»

ኃላፊው አሰበ። «መቼ እንደተመደበች አውቃለሁ» አለ።

«እናቷ በሕይወት አሉ?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ተነስ» አሉት መሪጌታ፣ «ሳይመሽ ድረስባትና ጠይቃት።»