የጭራቁ ዋስ

ተረት ተረት!

የፍየል በረት!

በሉ ተጠጉ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አርባ ፍየሎች ነው። አርባ ብያለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ የሚል ቢመጣ እንዳትሰሙት።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር፣ እታለማሁ የምትባል ባልቴት ነበረች። አንዲት ግልገል ይዛ ጀመረችና በአሥራ አንድ ዓመት አርባ ስድስት አደረሰች። ከዚያም በአንድ ክረምት ስድስቱን ጅብ በላባትና አርባ ቀሩ። ሌላ ሀብት የላትም። እነሱ ካለቁ እሷም አለቀላት። ከሦስት ውሾቿ ጋር ስትጠብቅ እያደረች እንቅልፍ አጣች።

አንድ ቀን ጭራቅ መጣ። አንድ ጉልበቱ አርጅቶ ያነክሳል። ከአጥሩ ውጭ ቆመና በጨዋ ደንብ እንደምን ዋልሽ አላት። ከጅብ እጠብቅልሻለሁ፣ ደመወዜም በዓመት አንዲት ፍየል ብቻ ናት አለ። ውሾቹን ግን አርቂልኝ፣ ጩኸታቸው ራሴን ያዞረኛል አለ።

እታለማሁ ደስ ሊላት ነበር። ከዚያም አሰላች። እሷ እንኳ በዓመት ሁለት ፍየል ትበላለች፤ ይህ ጉድ ደግሞ ከጎጆዋ ጣሪያ ይረዝማል። ርካሽነቱ አስፈራት። እምቢ እንዳትለው ቂሙን ፈራች። ስለዚህ በአገሩ ወግ መለሰችለት።

፦ ያለ ዋስ ውል የለም፣ አያ ጭራቅ። ዋስህን ይዘህ ና።

ጭራቁ ዝንጀሮን ለመነ፤ ዝንጀሮ ሳቀበት። አሞራን ለመነ፤ አሞራ በረረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ሁሉ የሚያከብረው አለ። ለጭራቁ ብላ ያሰረቻቸው ውሾች ጸጉራቸው ቆመ። እታለማሁ ከጋቢው በታች አየች። እግሮቹ አራት ናቸው። ደግማ ቆጠረች። አራት።

ጅብ መሆኑን አወቀች። ቁርበት አነጠፈችና ሰባት ዘለላ ቋንጣ አቀረበችለት።

፦ አባቴ፣ ለዚህ ሁሉ ድካምዎ ስንት ይደርስዎታል?

ጅቡ ቋንጣ እያላመጠ፣ ጭራቁ በዓይኑ ጠቅሶ ዝም ሳያሰኘው ተናገረ።

፦ አርባውም።

፦ ለአያ ጭራቅስ?

፦ ለሱማ ምንም። ፍየል አይወድም።

፦ እርስዎ አርባውን በልተው፣ ሆድዎ ከብዶ መሮጥ ሲያቅትዎ፣ ፍየል የማይወደው ጭራቅ ምን ሊበላ ነው?

ጅቡ ማላመጡን ተወ። ዞር ብሎ ወዳጁን አየው። የጭራቁ ዓይን ፍየሎቹ ላይ አልነበረም፤ የጅቡ ታፋ ላይ ነበር። እውነቱም ይኸው ነው። ሽማግሌው ጭራቅ ፍየል ማባረር አቅቶት፣ ፍየል አልወድም ብሎ፣ አርባውን በአንድ ሆድ አሰብስቦ፣ ጅቡን ከነሆዱ ሊበላ አስቦ ነበር።

፦ ለዚህ ነው ወንድሜ ስትለኝ የከረምከው? አለ ጅቡ።

፦ ዋስ ሁን አልኩህ እንጂ ምስጢር ዝራ አልኩህ? አለ ጭራቁ።

ተያያዙ። ጅቡ ደህናውን ጉልበት ነከሰው። ጭራቁ በጥፊ አላጋው። ያን ጊዜ እታለማሁ ውሾቿን ፈታች። ጅቡ ሽቅብ፣ ጭራቁ ቁልቁል ተፈተለከ። እስከ ዛሬም ሰላም አይባባሉም።

እታለማሁ በረቱ ደጃፍ ቁጭ አለችና እፎይ አለች። በጠራራ ፀሐይ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። የጠፋው፣ ሰባት ዘለላ ቋንጣና በግርግሩ የተቆረጠ የአንድ ውሻ ግማሽ ጆሮ። የተረፈው፣ አርባ ፍየል። የተገኘው፣ ጅቡ ጥሎት የሸሸው አንድ ጋቢ፤ አምስት ጊዜ ታጥቦ ሽታው አልለቀቀም፣ ስለዚህ ግማሽ ጋቢ በሉት።

እኔ ተረቴን መለስኩላችሁ፤ እናንተ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ከመሃሉ ቁረሱት፤ ጉርሻውን እቆጥራለሁ።