የታንኳው ርብራብ

ማህደር ማንም በነፃ ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው የተለቀቀ ሶፍትዌር ከሚጠግኑት አንዷ ናት። ኮምፒውተርን ከኔትወርክ በሚያገናኘው ክፍል ውስጥ፣ ከገበያ ለጠፋ አንድ የድሮ ሲስተም ብቻ የተጻፈ ኮድ አገኘች፤ ሌላው ክፍል በተቀየረ ቁጥር እሱም አብሮ መጠገን አለበት። «ጋሼ፣ ልሰርዘው ወይስ ልተወው?» ስትል ሥራውን ያስለመዷትን ጋሽ ዘርይሁንን ጠየቀች። እሳቸውም እንዲህ አሏት።

አንድ የወደብ ጠባቂ ነበረ፤ ሐይቅ ዳር። ሕዝቡ በሞተር ጀልባ መመላለስ ከጀመረ ቆይቷል፤ ከወደቡ ጥግ ግን ለደንገል ታንኳ ማሰሪያ ተብሎ የተሠራ የእንጨት ርብራብ ነበረ። ክረምት በመጣ ቁጥር ማዕበሉ ይነቃቅለዋል። ሰውየውም ወገቡ ቁርጥ እስኪል ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠግነዋል። ከእሱ በፊት የነበረው ጠባቂም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ለማን እንደሚጠግነው ግን አያውቅም። ቢያፈርሰው የሠራው ሰው ይከፋዋል ብሎ ይሰጋል።

አንድ ክረምት እዚያው ሲጠግን አዳለጠውና እጁ ተሰበረ። ቤቱ ተኝቶ ሲያስበው ንዴቱ መጣ። «ነቅዬ ነው የምጥለው!» አለ። ወዲያው ደግሞ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ደክሞት መጥቶ ማሰሪያ ሲያጣ በሐሳቡ ታየውና አንጀቱ አልችል አለው። እጁ ሻል ሲለው በየደሴቱ እየዞረ ጠየቀ፤ የሚጠቀምበት አጣ። በመጨረሻ ርብራቡን የሠሩት ሽማግሌ ዘንድ ደረሰና ዓይናቸውን ማየት ፈርቶ፣ አቀርቅሮ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው የተሰበረውን እጁን ቀስ ብለው ያዙት። «እኔ እኮ ታንኳ ከተውኩ ቆየሁ» አሉ። «አንተ ስትጠግነው ሳይ፣ የሚፈልጉት ሰዎች ቢኖሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ምነው ቀደም ብለህ በጠየቅኸኝ፣ ልጄ!»

በማግስቱ አብረው ወደ ወደቡ ወረዱ። የመጀመሪያውን ችካል የነቀሉት ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው። ይዘውት ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ «በል፣ የቀረውን አንተ» አሉት።

ጋሽ ዘርይሁን ወደ ማህደር ዞር አሉ። «ርብራቡ ያ ኮድ ነው፤ ጠባቂውም አንቺ ነሽ። ዝም ብለሽ አትሰርዢው፤ ዝም ብለሽም አትሸከሚው። ሁሉም በሚያየው ቦታ ጠይቂ፤ የጻፈውንም ሰው ፈልጊው። የሚጠቀምበት ከተገኘ ለማን እንደምትደክሚ ታውቂያለሽ፤ ካልተገኘም ያለ ስጋት ትሰርዢዋለሽ። መጠየቅ ንቀት አይደለም፣ ልጄ። ማን ያውቃል፣ ኮዱን የጻፈውም ሰው የሚጠይቀው አጥቶ ይሆናል ዝም ያለው።»