ድስቱን የደፋችው ሴት

ወገኖቼ፣ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ የአበባ እርሻ ለሠራተኛ ምሳ የምታበስል አንዲት ሴት ነበረች። በየቀኑ ስልሳ ሰው ከእጇ ይበላል። እሷ ሳትቀምሰው ወጡ ከማድ ቤት አይወጣም።

አንድ ቀን ሽንኩርት አለቀባት። የመጋዘኑ ጠባቂ ቶሎ ብሎ አንድ ጆንያ አመጣላት። መልኩ ሽንኩርት፣ ልጣጩ ሽንኩርት። ስትከትፈው ግን ዓይኗን አላቃጠላትም። ገረማት፤ ሰዓቱ ሄዶባት ስለነበር አለፈችው። ወጡ ተንተከተከ፤ መዓዛው ደጅ ድረስ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቀመሰች። መረራት። “አፌ ይሆናል” አለችና ደገመች። አሁን ምላሷን ለበለባት፤ ጥቂት ቆይቶ ሆዷ ይገለባበጥ ጀመር።

ሠራተኛው ተሰልፏል። ገረመው የሚባለው የሠራተኞቹ ካቦ መጣ።

“እትዬ አመለወርቅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሰው እኮ ተርቧል።”

“ወጡ ልክ አይደለም።”

“ቅመም ጨምሪበት። ማን ያውቃል?”

“እኔ አውቄዋለሁ” አለችው። “ለእኔ ያልወረደልኝን ለሰው አላጎርስም።”

ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዛ ወጣችና ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው። የስልሳ ሰው ምሳ። ያጉረመረመ ነበር፤ የሰደባትም ነበር። እሷ ግን ግድግዳ ተደግፋ ታስመልሳለች።

ተጠርታ የመጣችው የእርሻው ነርስ ሲስተር ሐዊ ጆንያውን ስታይ ክው አለች። ለተከላ የተቀመጠ፣ ሽንኩርት የሚመስል የአበባ ስር ነበር።

“አልካሎይድ የሚባል መራራ ነገር አለው” አለቻት። “ተክሉ እንዳይበላ ራሱን የሚጠብቅበት ነው። እሳትም አያጠፋውም። ሁለት ቅምሻ እንዲህ ካደረገሽ፣ ሙሉ ሳህን የበላ ምን ይሆን ነበር? ከነዚህ ውስጥ እኮ ነፍሰ ጡሮች አሉ።”

በማግስቱ ተሽሏት ሥራ ገባች። ከሰልፉ ፊት የቆመው ገረመው ነበር። አንገቱን ደፍቶ “ይቅር በይኝ” አላት። “ሳህንህን አምጣ” አለችው።

ወገኖቼ፣ ያን ምሬት በአበባ ስር ውስጥ ያኖረ ጌታ እንዴት ያለ ጥበበኛ ነው? አፍ የሌለው ተክል “አትብሉኝ” ይላል። ይህ ይደንቀኛል። የበለጠ የምትደንቀኝ ግን ሰምታ ድስቱን የደፋችው ሴት ናት። እኛስ? መምረሩን እናውቃለን። ግን ለፍተንበታል፤ ሰው ተሰልፏል፤ ስማችን በክፉ ይነሣል። ስለዚህ ቅመም እንጨምርበታለን።

ለጎረቤት ያቀበላችሁትን ወሬ ቀምሳችሁታል? ለባልንጀራችሁ የሰጣችሁትን ምክር ኖራችሁበታል? እኔስ ብሆን፣ እዚህ ቆሜ የማቀርብላችሁን ቀምሼዋለሁ?

ዛሬ ቤት ገብታችሁ ልጃችሁን ልትመክሩ ስትቀመጡ፣ ቃሉን መጀመሪያ እናንተ ዋጡት። ካልወረደላችሁ አታጉርሱት።