ፀሐይ በጠቆረች ቀን

በጠና ታሞ የዳነ አንድ ሰው ወደ መምህሩ መጣ። በትኩሳት ሲቃጠል ሳለ፣ ልጄ አይደለችም ብሎ የካዳትን ልጁን ሊቀበል መማሉን ነገራቸው። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ፣ «የኔታ፣ ፈርቼ የማልኩት መሐላ ይይዘኛል?» አለ።

የኔታም እንዲህ አሉት።

አንድ ገበሬ ነበረ። የታናሽ ወንድሙን ማሳ የሚያጠጣውን ቦይ በድንጋይ ደፍኖ፣ ወንድሙ ሲከሰው ናዳ ነው የዘጋው ብሎ በሽማግሌዎች ፊት ማለ። የወንድሙ ሽንኩርት ደረቀ። ይባስ ብሎ ወንድምየው ስም አጥፊ ተባለ፤ ሰላምታውን የሚመልስለት ጠፋ። ገበሬው ይህን እያየ አራት ዓመት ዝም አለ።

አንድ ቀን ሁለቱም ለደቦ አንድ አውድማ ላይ ዋሉ። ቀትር ላይ ብርሃኑ አመድ መሰለ። ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ወፎች ወደ ጎጇቸው ገቡ፤ እህሉን የሚያበራዩት በሬዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰዎቹ ሽቅብ ቢያዩ ፀሐይ ጠቁራ ዙሪያዋ ብቻ ይነዳል። ያ ሁሉ ጎልማሳ ተንበርክኮ እግዚኦ ይል ጀመር። ገበሬውም የዓለም ፍጻሜ የደረሰ መሰለው፤ ወደ ወንድሙ ሮጦ እጁን ያዘ።

«ወንድሜ፣ ቦዩን የደፈንኩት እኔ ነኝ። በሐሰት ነው የማልኩት። ሳልሞት ይቅር በለኝ» አለው።

ወንድምየው አቅፎት አለቀሰ።

ብዙም ሳይቆይ ከፀሐይዋ ጠርዝ ብርሃን ፈነጠቀ። ሰዎቹ አቧራቸውን እያራገፉ በገዛ ፍርሃታቸው ተሳሳቁ። ከዚያ ግን ሁሉም የሰሙትን አስታውሰው ወደ ገበሬው ዞሩ። ፊቱ ጋለ። እጁን ከወንድሙ እጅ መንጭቆ፣ «ድንጋጤ ነው ያናገረኝ፤ አትስሙኝ» አለ።

ወንድምየው እንባውን በእጅጌው ጠረገና መንሹን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። ገበሬው መግቢያ ጠፋው። በጨለማው ሲንበረከክ አላፈረም ነበር፤ አሁን ግን በሬዎቹ ጭምር የታዘቡት መሰለው። ደቦው ሳያልቅ ሹልክ ብሎ ሄደ።

ቦዩን የመንደሩ ሰው ወጥቶ ከፈተው፤ ውሃውም ወረደ። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ ወንድሙን ቀና ብሎ አላየውም።

ይህን ብለው የኔታ ወደ ጠያቂው ዞሩ።

«ልጄ፣ ትኩሳትህ የፀሐይዋ መጨለም ነበር። ያናገረህ ፍርሃት ነው፤ የተናገርከው ግን እውነት ነው። ያ ሰው በመፍራቱ ማን ነቀፈው? ያሳፈረው ሲነጋለት የካደው ነው። ለመሆኑ ልጅቱ ስትምል ሰምታሃለች?»

ሰውየው ስታስታምመው የከረመችው እሷ እንደሆነች በዝግታ ተናገረ።

«እንግዲያ እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉት። «ሂድና እሷን ጠይቃት።»