ጓሮውን ያማው ጃርት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እናንተም ትልልቆቹ ጆሯችሁን ስጡኝ። ተረቱ የጃርት ነው፤ መሳቅ ይፈቀዳል፣ ሳያልቅ መነሳት ግን አይፈቀድም።

በጣም ዱሮ፣ ስሟን ሰምቼ በረሳኋት አንዲት አገር፣ አያ ጃርት የሚባል ባለ ጓሮ ይኖር ነበር። በወጣትነቱ የሰው ድንች እየቆፈረ የሚበላ ሌባ ነበር አሉ። እያረጀ ሲሄድ ሮጦ ማምለጥ አቃተውና፣ “ከእንግዲህ የራሴን ድንች ራሴ ተክዬ፣ ራሴ ቆፍሬ፣ ራሴ እበላለሁ” ብሎ ከቤቱ ጀርባ አንዲት ቁራሽ መሬት አለማ። እኔም ሳረጅ ልክ እንደዚሁ ብዬ ነበር። የኔ ጓሮ ግን እስካሁን ያበቀለው የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነው።

ጃርቱ ለካ እጀ ብሩክ ኖሯል። የተከለው ሁሉ ያዘለት። ነሐሴ አልቆ ጳጉሜ ሲገባ፣ ዝናቡ ረገብ፣ ፀሐይዋም ብቅ ስትል፣ በቆሎው ጢሙን አወጣ፤ ድንቹ ከመወፈሩ የተነሳ አፈሩን ሰነጠቀው። ዱባውማ... ዱባውን ተዉት! አንድ ብቻ ነበር፤ ግን የተኛ ጥጃ ያህል ነበር።

ጃርቱ ጠዋት ጠዋት አረሙን ይነቅላል። ረፋዱ ላይ ዱባውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ከሰዓት በኋላ ንቦቹ በዱባው አበባ ላይ ሲያንጎራጉሩ እየሰማ ያንቀላፋል። የሚጠራው የለም፤ እሱም የሚጠራው የለው። “ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?” ይለው ነበር ዱባውን። ዱባውም ዝም ይላል። ጃርቱ ዱባውን የወደደበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ይስማማል።

በዚያች አገር ግን አንድ ወግ ነበረች። እሸት የደረሰለት ሁሉ፣ እሱ ከመቅመሱ በፊት ጎረቤቱን ያቀምሳል። መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ቀጥሎ ለባለቤት። ጃርቱ የራሱ ጓሮ ሳይኖረው በፊት ይህችን ወግ ነፍሱን እስኪስት ይወዳት ነበር። የራሱ እሸት ሲደርስ ግን ጠላት።

“እመት ኤሊ ቀስ ብለው ይበላሉ፤ ቀስ ብሎ የሚበላ ደግሞ ብዙ ይበላል” አለው ዱባውን። “ዝንጀሮ በሁለት ጉንጩ ይዞ ይሄዳል። ፍልፈል ደግሞ የሚበላበት ቦታ አይታይም። እኔስ? ለእኔ ምን ሊተርፈኝ ነው?”

አሰበ፣ አሰበና መላ አገኘ። ጓሮውን ዙሪያውን በቆንጥር አጥሮ ውስጡ እንዳይታይ አደረገው። ከዚያ በሩ ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ እመት ኤሊ መጡ። የመንደሩ ትልቅ እሳቸው ናቸው።

“እንዴት አደርክ አያ ጃርት? ጓሮህ እንዴት ከረመ? በቆሎህ ደረሰ?”

“ይተዉኝ እመት ኤሊ! ምኑን ጓሮ ሆነ! ጓሮዬንም ዋግ መታው፣ እኔንም መታኝ!”

ዋግ ሰብል የሚያበላሽ ክፉ በሽታ ነው። አያ ጃርት ይህን ሲል ግን አንድ ችግር ገጠመው። አፉ ውሸት ሲችል እሾሁ አይችልም ነበር። አንዲት ውሸት ከአፉ ስትወጣ የጀርባው እሾህ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሿ ሿ ሿ ይላል።

“ምነው ልጄ፣ እሾህህ ቆመሳ?” አሉ እመት ኤሊ።

“ከሐዘን ብዛት ነው።”

“እኔን ይድፋኝ!” ብለው እያዘገሙ ሄዱ። በማግስቱ ለጃርቱ አንድ ቁና በሶ ላኩለት። ጃርቱ በሶውን ዱባውን ተደግፎ ጨረሰው።

ቀጥሎ ዝንጀሮ መጣ። “እሸት ደርሷል እንዴ?”

“ምን እሸት አመጣህብኝ! ድንቼ የፍየል በጠጥ ታክላለች። በቆሎዬን ሳየው እኔው ራሴ እስቃለሁ። ጓሮዬንም ዋግ መታው፣ እኔንም መታኝ!” ሿ ሿ ሿ።

ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ድሮስ! አንተ እኮ ቆፍሮ ማውጣት እንጂ ቆፍሮ መትከል የት ታውቅና!”

“እውነትህን ነው” አለ ጃርቱ አንገቱን ደፍቶ። “መሬቱ ራሱ ያፍርብኛል። ጎመን ተክዬ ጎመኑ ሸሽቷል።”

ዝንጀሮ መሳለቁን ትቶ አዘነለት፤ ከበለሱ አንድ እቅፍ አመጣለት። ጃርቱ እሱንም በላ። ራስን መስደብ እንዲህ እንደሚያበላ ቢያውቅ ኖሮ ወጣትነቱን በስርቆት ባላባከነ!

በአራተኛው ቀን ፍልፈል በሩ አጠገብ መሬቱን ፈንቅሎ ብቅ አለ። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ያወራ የነበረው ፊቱን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙሮ ነው።

“አያ ጃርት፣ ትናንት በጓሮህ ሥር ሳልፍ አንድ ትልቅ ነገር ግንባሬን መታኝ።”

“ድንጋይ ነው።”

“ድንጋይ? ለስለስ ያለ መሰለኝ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሳልነክሰው አልቀረሁም።”

“የበሰበሰ ድንጋይ ነው” አለ ጃርቱ። “በኔ ጓሮ ድንጋዩም ይበሰብሳል። ጓሮዬንም ዋግ መታው፣ እኔንም መታኝ!” ሿ ሿ ሿ።

ፍልፈል ለግድግዳው አንገቱን ነቅንቆ፣ “አይ ያንተ ነገር!” ብሎ ተመልሶ ገባ።

ጃርቱ በዚያን ቀን እንቅልፉ እንደ ማር ጣፈጠው። “ነገ የጳጉሜ መጨረሻ ነው” አለው ዱባውን። “ነገ አንተን እቆርጥሃለሁ። ድንቹን እቆፍራለሁ። በቆሎውን እጠብሳለሁ። ከዚያ በሩን ዘግቼ እኔና አንተ ብቻ ዓመቱን እንቀበላለን።”

በማግስቱ ጠዋት ቢላዋውን ስሎ ዱባው ላይ ሊያሳርፍ ሲል፣ ከበሩ ውጭ የዘፈን ድምፅ ሰማ። ሆ ይላሉ፣ ያጨበጭባሉ። በሩን ገርበብ አድርጎ ቢያይ መንደሩ በሙሉ ቆሟል። ዝንጀሮ ዶማ ተሸክሟል። ፍልፈል ጥፍሩን ስሏል። እመት ኤሊ ከፊት ሆነው አንድ ቋጠሮ ሽምብራ ይዘዋል።

“አያ ጃርት!” አሉ እመት ኤሊ። “ጎረቤት ሆነን ዝም ብለን እናይሃለን እንዴ? ደቦ ጠርተንልሃል!”

“ደ... ደቦ? ለምን?”

“ዋግ የመታው ሰብል ካልተነቀለና ካልተቃጠለ ወደኛም ጓሮ ይዛመታል። ሁሉንም ነቅለን፣ አቃጥለን፣ ሽምብራ እንዘራልሃለን። ሽምብራ ክረምት ሲወጣ ነው ደጉ።”

“ኧረ ድካም ይሆንባችኋል!”

“ምን ድካም አለው፣ ለወንድም ነው!” አለ ዝንጀሮና የቆንጥሩን አጥር በአንድ ጊዜ ገነደሰው።

በቆሎው ከዝንጀሮ ራስ በላይ ቆሟል። ዱባው በፀሐይ ያበራል።

“ይሄ ነው ዋግ የመታው?” አለ ዝንጀሮ።

እመት ኤሊ ጃርቱን ትክ ብለው አዩት። “ልጄ፣ ደህና ከሆነ አሁኑኑ ተናገር።”

ጃርቱ አሰበ። ደህና ነው ቢል ውሸታም ይባላል፤ የበላው በሶና በለስ ይቆጠርበታል፤ እሸቱንም ያካፍላል። ዋግ መታው ቢል ጓሮው ይነቀላል። ከሁለት አንዱን መምረጥ ሲያቅተው አፉ ልማዱን መረጠ።

“ላይ ላዩን አትዩት! ውስጡን ነው የመታው!” ሿ ሿ ሿ።

“ካልክ እሺ” አሉ እመት ኤሊ። “ጀምሩ!”

ፍልፈል ድንቹን ገለበጠው። እንደ እንቁላል የነጣ፣ የሁለት እጅ እፍኝ የሚሞላ ድንች ይወጣ ጀመር።

“እሱ ነጭ ነው እኮ” አሉ እመት ኤሊ። “ደህና ከሆነ ተናገር።”

“ያነጣው እኮ ዋጉ ነው!” አለ ጃርቱ እንባው እየመጣ።

ዝንጀሮ በቆሎውን ከነሥሩ መነገለው። ፍሬው እንደ ጥርስ ተደርድሯል።

“ይሄስ? ደህና ከሆነ ተናገር።”

“ያ... ያወፈረው ዋጉ ነው!”

በመጨረሻ ዱባው ተቆርጦ እየተንከባለለ ወጣ። ጃርቱ ሊከተለው አንድ እግሩን አነሳ፤ ግን ምንም አላለም። ዱባውም እንደ ልማዱ ዝም አለ።

አጥሩን ከምረው እሳት ለኮሱበትና ድንቹንም በቆሎውንም ጨመሩበት። ዱባውን እመት ኤሊ ከጎናቸው አስቀመጡት። “ይሄ ትልቅ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይቃጠላል” አሉ።

አሁን እንግዲህ አስቡት፤ እሸት በቆሎና ድንች በፍም ላይ! ጠረኑ መንደሩን ሞላው። ሁሉም ምራቁን ዋጠ። ሁሉም ሌላው እንዳያየው ፊቱን አዞረ።

“ዋጉ መሞቱን ማን ያረጋግጥልናል?” አሉ እመት ኤሊ። “አንድ የሚቀምስ ጀግና እንፈልጋለን።”

“ለጎረቤቴ ልሙትለት!” ብሎ ዝንጀሮ አንድ በቆሎ መንጭቆ ጋጠ። ዓይኑን ጨፈነ። “ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ክፉ ነገር ነው! እስቲ ሌላ ጨምሩልኝ፤ ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ።”

“እኔም ልሳሳት” አለ ፍልፈልና ሁለት ድንች ሳበ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ሊሳሳት ተሻማ።

ጃርቱ ቢቸግረው ቀስ ብሎ እጁን ወደ እሳቱ ሰደደ። እመት ኤሊ እጁን ቸብ አደረጉት። “ተው ልጄ! አንተ እኮ ታመሃል!”

ያን ጊዜ ፍልፈል አፉ ሙሉ ድንች እንደያዘ ቀና አለ። “ቆይ፣ ቆይ! ‘እኔንም መታኝ’ ሲል አልነበር? ታዲያ እሱስ አይዛመትም? እሱስ አይነቀልም?”

ሁሉም ወደ ጃርቱ ዞረ። ዝንጀሮ እጁን በሣር ጠራርጎ፣ ከጃርቱ ጀርባ ሁለት እሾህ ጨብጦ ያዘ። “በየቱ በኩል እንጀምር?”

“ደህና ነኝ!” ብሎ ጮኸ ጃርቱ። “ድንቹም ደህና ነው! በቆሎውም ደህና ነበር! ዋግ የመታው ምላሴን ብቻ ነው!”

ይህን ሲል፣ ከጳጉሜ መባቻ ጀምሮ ቆሞ የሰነበተው እሾሁ በጀርባው ላይ ለጥ ብሎ ተኛ።

“ከጠዋት ጀምሬ የጠበቅኩት ይህችን ቃል ነበር” አሉ እመት ኤሊ።

“ያውቁ ኖሯል?”

“ልጄ፣ አንተ ስትዋሽ እኮ ማዶ ሆኖ የሚተኛ ሰው ይነቃል።”

ከዚያ ዱባውን በፍሙ ላይ አስቀምጠው አበሰሉት። ለዝንጀሮ ቆረሱ፣ ለፍልፈል ቆረሱ፣ ለመንደሩ ሁሉ ቆረሱ። በመጨረሻ አንዲት የጆሮ ያህል ቁራሽ ቀረች። እመት ኤሊ ለጃርቱ ሰጡት። “ወግ ወግ ነው። ጎረቤት ቀምሷል፤ አሁን የባለቤት ተራ ነው።”

ጃርቱ በላት። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር በልቶ አያውቅም፤ ሰርቆም ቢሆን። ያለቀሰው ግን ስለጣፈጠችው ይሁን ስላነሰችው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጎረቤቶቹ ቃላቸውን ጠብቀው ሽምብራውን ዘሩለት። አጥር የለ፣ ዱባ የለ፤ ጃርቱ በባዶው ጓሮ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር። የሚያልፈው ሁሉ “እንዴት ዋልክ?” እያለው ያልፋል፤ አንዳንዱም አጠገቡ ይቀመጣል። የሚደገፈው ግን የለም፤ ጃርትን ማን ይደገፋል?

ሽምብራው እሸት ሲሆን እመት ኤሊ መጡና “እህ፣ ጓሮህ እንዴት ነው?” አሉት። ጃርቱ አፉን ከፈተ። “ምኑን ጓ...” ሲል እሾሁ ሿ ማለት ጀመረ። ዋጥ አደረገው። “ደርሷል እመት ኤሊ። ይግቡና ይቅመሱ።”

ልጆች፣ ተረቴ እዚህ ያበቃል፤ የኔ ጉድ ግን አላበቃም። ጓሮዬ የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነው የሚያበቅለው አላልኳችሁም? ሲዋሽ የሚቆም እሾህ ስለሌለኝ አመናችሁኝ። ተነሱ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከጌሾው በስተኋላ፣ አሥራ አንድ በቆሎ አለ። አሥራ ሁለት ነበር፤ አንዱን ትናንት እናንተ ስትተኙ ተሳሳትኩበት። ሂዱ፣ መጀመሪያ ለጎረቤት አድርሱ፤ ለእኔ የተረፈውን አምጡልኝ። እየሄዳችሁም ይህችን በሉ፦

እሸቴን ዋግ መታው ያለ፣ በደቦ አስነቀለ።