ጉልበት የሳመው ፎቶ አንሺ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ሶስና፣ ካሜራሽን አስቀምጪና ስሚኝ። ረጅሙን ሌንስ ልግዛ ወይስ አጭሩን ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? መልሴ ይኸው ነው።

የዚህ ሰው ሥራው ሰርግ ማንሳት ነው። ሰው መሃል መግባት ግን ያፍራል። ስለዚህ ሩቁን የሚያቀርብ፣ ክንድ የሚያህል ሌንስ ገዛና ድንኳኑ በር ላይ ተገትሮ ማንሳት ለመደ። አጭሩ አሮጌ ሌንሱ ቦርሳው ውስጥ ተረሳ።

አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ወደ ጎን ጠራችው። «ወንድሜ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቅር። የአባቴን ጉልበት ስስም የእሱን ፊት አንሳልኝ። ከታመመ ወዲህ ፎቶ አልተነሳም፣ ሲስቅም አይቼው አላውቅም። ሐኪሞቹ ደግሞ ብዙ አይቆይም ብለውኛል» አለችው። እንባዋ መጣ። «አታስቢ፣ እኔ አለሁ» አላት። ሲናገሩትማ ቀላል ነው!

ጉልበት መሳሚያው ደረሰ። ሙሽራዋ አባቷ ፊት ስትንበረከክ አክስቱ፣ ሚዜው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየዘፈነ ግር ብሎ ከበባቸው። ሰውየው በዚያ ትልቅ ሌንስ ቢያይ ያየው ጀርባ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ወጣ፤ አሁንም ነጠላና ባርኔጣ። ሙሽራዋ ተነስታ ልትሄድ ነው።

ያኔ ረጅሙን ነቅሎ አጭሩን ገጠመ። እፍረቱን ዋጥ አድርጎ በሰው ብብት ስር እየተሽሎከለከ ገባና ከሙሽራዋ ጎን በጉልበቱ ዱብ አለ።

የአባትየው ዓይን ደከም ያለ ነበር። ጉልበት ሊስም የመጣ ዘመድ መሰላቸው። እጃቸውን አናቱ ላይ ጭነው «ተባረክ ልጄ፤ ውለድ፣ ክበድ!» አሉት። ታዲያ እምቢ ይባላል እንዴ? ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሙሽራዋ ሳቋ አመለጣት።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ፎቶ አንሺው ነው!»

ሽማግሌው ሰውየውን አዩ፣ ካሜራውን አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ! ልጃቸው አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ቀጭ! ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ሽማግሌው ዛሬ የሉም፤ ሳቃቸው ግን ልጃቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ።

አየሽ፣ ሶስና፣ ወፍ የምታነሺ ቢሆን ረጅሙን ግዢ እልሽ ነበር። ወፍ ሲቀርቧት ትበራለች። አንቺ ግን የምታነሺው ሰው ነው። ረጅሙንም የፈለግሽው እንደዚያ ሰውዬ ስለምታፍሪ ነው፤ አውቅሽ የለ! አጭሩን ግዢ። እሱ ካልቀረብሽ አያነሳልሽም፣ በግድ ያስገባሻል። ቅዳሜ የእህትሽ ሰርግ አይደል? ግቢና አባትሽ ፊት ተንበርክከሽ አንሺ። እጃቸውን ጭነው ከመረቁሽ ደግሞ መጀመሪያ «አሜን» በይ፣ ከዚያ ቀጭ አድርጊው።