ፍርፋሪ ያልነካው ዓሣ

ከጅቡቲው ጉዞ በፊት ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም አልነገርኳትም። ስንዴ አንጀቴን ያቆስለዋል። ገብስም እንዲሁ። ሐኪሙ በሽታው ሲሊያክ ይባላል፣ ዕድሜ ልክ አብሮሽ ይኖራል፣ ፍርፋሪ እንኳ እንዳይነካሽ ብሎኛል። እኔ ግን ስለ ሰው አካል የማስተምር መምህርት ሆኜ የራሴን አንጀት ነገር ሰው ፊት ማውራት አፈርኩ። ዳቦ ሲቀርብልኝ "ጾም ላይ ነኝ" እላለሁ። ጾም በሌለበት ወር ደግሞ "ስለት አለብኝ" እላለሁ። ቀስ በቀስ ጎረቤቶቼ "ስመኝ፣ በጸሎትሽ አስቢን" ይሉኝ ጀመር። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሺ እላለሁ።

እንዲህ የሚኖር ሰው ሁሉን ይጠረጥራል። ጤፍ ብቻ ነው የተባለውን እንጀራ እጠረጥራለሁ። የወጥ ማማሰያ እጠረጥራለሁ። ጉንጬን የሚዳብሰኝን ሕፃን፣ ብስኩት ይዞ ነበር ይሆን እያልኩ እጁን አያለሁ።

ጅቡቲ የሄድኩት ከባልደረባዬ ከአስካለ ጋር ነው። ስለ ቆሻሻ ቅነሳ በሚመክር የመምህራን ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ ተጠርቼ ነበር። የአውሮፕላን ጭስ ይቅርብን ብዬ በባቡር ሄድን። ፌስታልና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዕቃ እንዳልነካም ለተማሪዎቼ ቃል ገብቻለሁ። ስንቄን ክዳን ባለው ጣሳ ይዣለሁ፤ ጤፉን ራሴ አስፈጭቼ ያዘጋጀሁት ድርቆሽ ነው። ባቡሩ ውስጥ ጣሳውን ስከፍት ግን በድርቆሹ መሃል ዳቦ ቆሎ አየሁ።

ዳቦ ቆሎ ስንዴ ነው። ማን ጨመረው? ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ አንቀላፍቷል፤ ውሸቱን ይሆናል አልኩ። አስካለ በመስኮት ግመል ታያለች። በድንጋጤ ጣሳው ከእጄ አመለጠና የጨርቅ ቦርሳዬ ውስጥ ተደፋ። ለቅሜ መለስኩት እንጂ ቦርሳውም ከዚያ በኋላ አላመንኩትም።

በማግስቱ ጅቡቲ ከተማ ሙዝ ብቻ ስበላ ዋልኩ። ወደ ማታ ገደማ ረሃቡ ጠናብኝ። ንግግሩ ነገ ጠዋት ነው። ካልበላሁ መድረክ ላይ እወድቃለሁ፤ ስንዴ የነካው ምግብ ከበላሁ ደግሞ ሽንት ቤት ነው የምውለው። የፈለግሁት ነገር ትንሽ ነበር፤ ዱቄት ያልነካው አንድ ዓሣ።

ከማረፊያችን ፊት ለፊት ሳዒድ የሚባል ዓሣ ጠባሽ አለ። አማርኛውን፣ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ፣ ከኢትዮጵያ ሾፌሮች ነው የለመደው። ዓሣውን ለሁለት ይሰነጥቅና ዳቦ በሚጋገርበት የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠብሰዋል።

"ለእኔ ከሰል ላይ ጥበስልኝ" አልኩት።

"ምድጃዬ ምን ሆነ?"

"እንዲሁ ነው።"

"በፎይል ልጠቅልለው?"

"ፎይሉ ይጣላል። አልፈልግም።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "የጤና ተቆጣጣሪ ነሽ እንዴ፣ እህቴ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ከሆዳን ፍርግርግ አምጪና ከሰል ላይ እጠብስልሻለሁ።"

ፍርግርጉ ካልመጣ ዓሣው አይጠበስም፤ ዓሣው ካልተጠበሰ እኔ አልበላም።

ሆዳን ከሳዒድ ቀጥሎ ሻይ ቤት አላት። ፍርግርጓ ዳቦ የምታሞቅበት ነው። ተቀብዬ ጎንበስ አልኩና አሸተትኩት።

"ታጥቧል" አለች።

"ድጋሚ ብታጥቢልኝስ?"

"አንቺ፣ መርዝ አለው ብለሽ ነው? ማን ላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም።"

"ሎሚ አምጪ። ለማጠቢያውም ለእራቴም የሚበቃ። ያኔ ዓይንሽ እያየ እፈትገዋለሁ።"

ሎሚው ካልመጣ ፍርግርጉ አይታጠብም፤ ፍርግርጉ ካልታጠበ ዓሣው አይጠበስም፤ ዓሣው ካልተጠበሰ እኔ አልበላም።

ጉሌድ ሎሚ የሚሸጠው በጋሪ ነው። ሎሚውን ሁሉ አስቀድሞ በፌስታል ቋጥሮ ደርድሮታል።

"ፌስታሉ ይቅርብኝ" አልኩት።

"ፌስታሉ ምን አለው? ቀዳዳ የለውም።"

"አውቃለሁ። አልፈልገውም።"

"በትከሻሽ ባንጠለጠልሽው ቦርሳ ያዢው፣ ሰፊ ነው።"

"እሱም አይሆንም።"

ጉሌድ ቦርሳዬን በአንድ ዓይኑ አየው። "ምን ደብቀሽበት ነው?" አለ። ከዚያ እጁን ማዶ ወዳለው የዛፍ ጥላ ዘረጋ። "እዚያ ከተቀመጡት ከእማማ ሐሊሞ ዘንቢል አምጪና እገለብጥልሻለሁ።"

ዘንቢሉ ካልመጣ ሎሚው አይሸጥም፤ ሎሚው ካልተሸጠ ፍርግርጉ አይታጠብም፤ ፍርግርጉ ካልታጠበ ዓሣው አይጠበስም፤ ዓሣው ካልተጠበሰ እኔ አልበላም።

እማማ ሐሊሞ ድሬዳዋ ያደጉ አሮጊት ናቸው። ከዘንባባ ዘንቢል ይሠራሉ፤ የዚያን ቀን ያለቀላቸው ግን የራሳቸው አንድ ብቻ ነው።

"ያበድሩኝ፣ አሁኑኑ እመልሳለሁ" አልኳቸው።

"ሳዒድ ጋ ሄድሽ። ሆዳን ጋ ሄድሽ። ጉሌድ ጋ ሄድሽ። ከሁሉም ባዶ እጅሽን ወጣሽ። ሌባ ነው እንዲህ የሚዞር።"

"ሌባ አይደለሁም፣ እማማ።"

"እንግዲያው ምንድን ነሽ? እውነቱን ንገሪኝና ዘንቢሉን ውሰጂ።"

ማን እንደሚሰማኝ ለማየት ዙሪያዬን ቃኘሁ። ቀና ስል አስካለ ከማረፊያው በረንዳ ላይ ሆና ታየኛለች። የሰማች መሰለኝ። እጇን አወዛወዘችልኝ። ለምን አወዛወዘች?

ምላሴ ካልተፈታ እውነቱ አይወጣም፤ እውነቱ ካልወጣ ዘንቢሉ አይሰጥም፤ ዘንቢሉ ካልተሰጠ ሎሚው አይሸጥም፤ ሎሚው ካልተሸጠ ፍርግርጉ አይታጠብም፤ ፍርግርጉ ካልታጠበ ዓሣው አይጠበስም፤ ዓሣው ካልተጠበሰ እኔ አልበላም።

ረሃቡ ሲብስብኝ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ፣ በቀስታ፣ "ስንዴ ያመኛል፤ ፍርፋሪው ሳይቀር። ማንም አያውቅም" አልኳቸው።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"እኔ ሰው ገድለሽ የመጣሽ መስሎኝ።" ዘንቢሉን እቅፌ ውስጥ አስቀመጡና፣ እኔ በሹክሹክታ የነገርኳቸውን መንገዱን አሻግረው በሱማልኛ ለሁሉም ተናገሩት። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

እውነቱ ሲወጣ ዘንቢሉ ተሰጠ፤ ዘንቢሉ ሲሰጥ ሎሚው ተሸጠ፤ ሎሚው ሲሸጥ ፍርግርጉ ታጠበ፤ ፍርግርጉ ሲታጠብ ዓሣው ተጠበሰ።

"ቦርሳሽ ውስጥ ኮንትሮባንድ አለ ብዬ ነበር" አለኝ ጉሌድ።

"እኔን የናቅሽኝ መስሎኝ ነው" አለች ሆዳን፣ ፍርግርጉን እየፈተገች።

ሳዒድ ደግሞ ከሰሉን እያራገበ ሳቀ። "መጀመሪያውኑ ብትነግሪኝ ዘንቢልም ሎሚም ባላስፈለገሽ። ዳቦ ነክቶት የማያውቅ ፍርግርግ ቤቴ ውስጥ አለኝ። ተቆጣጣሪ መስለሽኝ ገለል እንድትዪልኝ ነው የላክሁሽ።"

ዓሣውን ከቦርሳዬ ባወጣሁት የጣሳዬ ክዳን ላይ ሰጠኝ። ክዳኑን ሆዳን ሳልለምናት አጥባዋለች። መጀመሪያ አሸተትኩት። ከዚያ እሾሁ ብቻ እስኪቀር በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት አስካለ ነጠላዋን ስታስተካክል ጣሳውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ።

"ይሄን ዳቦ ቆሎ ማን ጨመረው?"

"እኔ ነኛ" አለች። "ስለትሽ ሲያልቅ ታገኚዋለሽ ብዬ። ሁልጊዜ ድርቆሽ ብቻ ስትቆረጥሚ አንጀቴን በላሽኝ።"

"አስካለ፣ ስለት የለብኝም። ጾመኛም አይደለሁም።" ሁሉንም ነገርኳት። የሐኪሙን፣ የጎረቤቶቼን፣ ባቡሩ ውስጥ እሷንም ጭምር መጠርጠሬን።

ነጠላዋን ማስተካከሏን ተወች። "ልጄ ስትታመም በጸሎትሽ አስቢልኝ ያልኩሽስ?"

"አስቤላታለሁ። እሱ እውነት ነው።"

አስካለ ከጣሳው አንድ እፍኝ ዘግና ዳቦ ቆሎውን ከድርቆሹ ጋር መቆርጠም ጀመረች። "ታዲያ ይሄ አይጣልም" አለች። የቀረውን በመሃረቧ ቋጠረችው። እኔ የጨርቅ ቦርሳዬን በሳሙና አጥቤ አሰጣሁ፣ ጣሳውን በተረፈችው ሎሚ ፈተግሁ፣ ሆዳን የቀቀለችልኝን እንቁላል ከተትኩበትና ወደ ስብሰባው ሄድን።

በሩ ላይ አንዲት አስተናጋጅ ዳቦ በትሪ ይዛ ተቀበለችን። አስካለ እንደ ልማዷ ስለ እኔ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

"ለእኔ ይቅርብኝ" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ስንዴ ያመኛል።"